አትላንታ ቤልትላይን፦ ነዋሪው ተጠይቆ የተሠራ መንገድ፣ 4 ከ5

ሰላም ለሁላችሁ፣ አትላንታ ያላችሁም ለጉብኝት የምትመጡም ስለ ቤልትላይን ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አንዷን ኮከብ ለምን እንዳስቀረሁ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ለማያውቅ፣ መሀል ከተማውን ከበው የሚዞሩ አሮጌ የባቡር ሐዲዶች ነበሩ፣ እነሱን ወደ እግረኛና ሳይክል መንገድ እየለወጡ ነው፣ ዙሪያው ሲገጥም 22 ማይል ይሆናል፣ በኛ 35 ኪሎሜትር ገደማ። ሐሳቡ የመጣው ራያን ግራቭል የሚባል የጆርጂያ ቴክ ተማሪ 1999 ላይ ለማስተርሱ ከጻፈው ቴሲስ ነው። ቴሲስ ሼልፍ ላይ አቧራ ጠጥቶ ይቀራል አይደል፣ ይሄኛው ግን ካቲ ዉላርድ የሚባሉ የከተማው ምክር ቤት አባል ያዙትና በየሰፈሩ እየዞሩ ለሕዝብ አስረዱ፣ ሕዝቡም የኔ ነው አለ። የምሥራቁ መንገድ የመጀመሪያው ክፍል 2012 ላይ ተከፈተ፣ የምዕራቡ 3 ማይል ደግሞ 2017።

መንገዱ ራሱ በጣም ነው የሚመቸው። ሰፊ ኮንክሪት ነው፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ድሮውኑ አለስልሰው ነው የቆረጡት፣ ስለዚህ ለስትሮለርም ለዊልቸርም ለጉልበት ሕመምተኛም ይሆናል። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ጉልበቷን እያመማት ከኢንማን ፓርክ ተነስተን ፖንስ ሲቲ ማርኬት (የድሮው የሲርስ ሕንፃ) ድረስ አንዴም ቁጭ ልበል ሳትል ደረሰች፣ “ይሄ እኮ ለኛ ለሽማግሌዎቹ ታስቦ የተሠራ ነው” አለችኝ። ቅዳሜና እሑድ ግን የምሥራቁ በኩል ሰው፣ ሳይክል፣ ስኩተር፣ ውሻ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚሆን ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ሂስቶሪክ ፎርዝ ዋርድ ፓርክን ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለዱበት ኦልድ ፎርዝ ዋርድ ሰፈር ዝቅ ያለ ቦታ ስላለው ዝናብ በጣለ ቁጥር በጎርፍ ይቸገር ነበር፣ ከተማው ያሰበው መሬት ውስጥ ትልቅ የፍሳሽ ዋሻ መቆፈር ነበር፣ ነዋሪዎች ደግሞ ለምን ውሃውን ላይ አናጠራቅመውም፣ ኩሬ ይሁንና ዙሪያው ፓርክ ይሁን ብለው ተከራከሩ። ሲሰላ ኩሬው ከዋሻው ረከሰ! 2011 ላይ ተከፈተ። ዛሬ ወደ ኩሬው ስትወርዱ ውሃ በድንጋይ ላይ ሲፈስ ታያላችሁ፣ ዙሪያው ያለው ግንብ ለምን ያን ያህል ከፍ እንዳለ የሚገባችሁ ደግሞ ከከባድ ዝናብ በኋላ ብትሄዱ ነው፣ ምክንያቱም ጎርፉን የሚይዘው እሱ ነው። ቢሮ የተቀመጠ ኢንጂነር ብቻውን ቢወስን ኖሮ ዛሬ እዛ ልጆች የሚሮጡበት ሳር አይኖርም ነበር።

የሕዝብ ስብሰባው ነገር እዚህ ከተማ ሥር አለው። ከንቲባ ሜናርድ ጃክሰን 1974 ላይ ኤንፒዩ የሚባል የሰፈር ፕላን አደረጃጀት አቋቁመው ነበር፣ ቤልትላይን ደግሞ በዛ ላይ በአምስት አካባቢ የተከፈለ የጥናት ቡድንና በየሦስት ወሩ ለሕዝብ ሪፖርት የሚቀርብበት ስብሰባ ጨመረበት። እኔ የገባሁበት ላይ ትልቅ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መግቢያው የት ይሁን፣ መብራት የት ይተከል እያሉ ስቲከር ያስለጥፉናል፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ጣታቸውን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አድርገው “ከዚህ ወርጄ ደረጃ ሳልወጣ መግባት አለብኝ” አሉ፣ ያን ነገር መኪና የሚነዳ ሰው በጭራሽ አያስበውም።

አሁን ወደ አንዷ ኮከብ። መንገዱ ባለፈበት ሁሉ የቤት ዋጋና ኪራይ ሰማይ ነካ። ገንዘቡ በከፊል የሚመጣው 2005 ላይ ከተቋቋመ የታክስ ዞን ነው፣ ማለትም የአካባቢው ንብረት ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ላይ የሚሰበሰበው ታክስ ፕሮጀክቱን ይደግፋል፣ ስለዚህ መንገዱን የሚሠራውና ድሃውን የሚገፋው አንድ ነገር ነው። እስከ 2030 5,600 አቅም ያገናዘበ ቤት ይሠራል ተብሎ ታቅዷል፣ ግራቭል ራሱ ግን ለዚህ በቂ ትኩረት አልተሰጠም ብሎ 2016 ላይ ፕሮጀክቱን ከሚደግፈው የቤልትላይን ፓርትነርሺፕ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ወጣ። ባቡሩም አለ፣ የቴሲሱ ዋና ሐሳብ ባቡር ነበር፣ ሕዝቡ 2016 ላይ ለትራንስፖርት ተጨማሪ ታክስ ልክፈል ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ 2025 ላይ ደግሞ ከንቲባው ለምሥራቁ መስመር ባቡር የነበራቸውን ድጋፍ አነሱ። ሰው ተጠይቆ መልሱ እንዲህ ሲታጠፍ ያናድዳል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ማን ይመጣል?

ለኛ ሐበሾች፣ ብዙዎቻችን ክላርክስተንና ዲኬተር በኩል ስለሆንን አይመለከተንም እንዳትሉ፣ የስቶን ማውንቴን ትሬይል ከመሀል ከተማ ተነስቶ በዲኬተርና በክላርክስተን በኩል ያልፋል፣ በፍሪደም ፓርክ በኩል ከቤልትላይኑ ጋር ይገናኛል። ስብሰባዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ወላጆች ካሏችሁ አብራችኋቸው ግቡ፣ የእግር መንገድ የሚያስፈልገው ለነሱ ነው። መንገዱ በነፃ ነው፣ ፓርኪንግ ግን ፖንስ አካባቢ ስለሚከፈልበት ማርታ በሚባለው የከተማው ባቡር መጥታችሁ ለምሥራቁ ኢንማን ፓርክ፣ ለምዕራቡ ዌስት ኤንድ ብትወርዱ ይሻላል።