ለስክሪን ሴቨር 1,200 ብር ከፈልኩ

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ አራት ሠራተኛ ልጆች፣ አንድ የሚንቋቋ ቬንትሌተር። ባለፈው ወር የዘጠኙን ማሽኖች ስክሪን ሴቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ነገር፣ ለማስተካከል ብቻ 1,200 ብር ከፈልኩ። ባለቤቴ ሲሰማ ሳቀብኝ። «ሁለቴ ክሊክ አድርገሽ የምትጨርሺውን?» አለኝ። እስኪ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ድሬን የሚያውቅ ያውቃታል። ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ከተማው ጋደም ይላል። ሙቀቱ አያሠራም። እኛም በሩን ገርበብ እናደርግና አንዲት ልጅ ፎቶ ኮፒው ላይ ትቀራለች፤ ሌሎቹ እስከ 10 ሰዓት አይመለሱም። ኮምፒውተሮቹ ግን እንደበሩ ናቸው። ከፀሐይ የሸሸ ደንበኛም ገብቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ስክሪኖቹ አዙሮ።

ከልጆቹ አንዱ የእህቱን የሰርግ ፎቶ እያየ መሥራት አማረውና ፎቶ የሚያሳየውን ስክሪን ሴቨር ከፈተ። ይህ ስክሪን ሴቨር ሌላ ቦታ ካላመለከቱት ፒክቸርስ የሚባለውን ፎልደር ነው የሚያሳየው። እኛ ደግሞ ስካን ያደረግነውን ሁሉ የምንወረውረው እዛው ፒክቸርስ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን 9 ሰዓት ላይ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አባት አግዳሚው ላይ ነበሩ። «አቦ ነይ እስኪ» አሉኝ። «ይሄ እኔ አይደለሁም እንዴ?» ቀና ስል፣ ከሳምንት በፊት ስካን ያደረግንላቸው መታወቂያ ስክሪኑን ሞልቶታል። ፎቶው፣ ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ ሁሉም። ቀስ ብሎ ሄደና የአንዲት ሴት የጋብቻ ማስረጃ መጣ። ከዛ የሌላ ሰው ፓስፖርት። ሮጬ ማውሱን ነቀነቅኩት። «ዕድሜዬን ሚስቴ ካላየችው ችግር የለም» ብለው ሳቁ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፤ የሙቀቱ አይደለም።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ ዘጠኙም ፎርማት መደረግ፣ ያለባቸው ሁሉ መጥፋት አለበት አለኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ከከዚራ ሰፈር ነው፤ ዛፍ ከበዛባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ጠባብ የጥገና ሱቅ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጥፋታቸውንም ስለምናገር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልጁ በባጃጅ መጣ። በእጁ የያዘው አንድ ፍላሽ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ላይ እየተቀመጠ ሴቲንግ ይነካካል ብዬ ስጠብቅ ኖትፓድ የሚባለውን ተራ የመጻፊያ ፕሮግራም ከፍቶ መጻፍ ጀመረ።

አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዊንዶውስ የስክሪን ሴቨር ሴቲንጉን ሬጅስትሪ የሚባል ቦታ ነው የሚመዘግበው፤ «ከረንት ዩዘር» ስር፣ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ፣ «ዴስክቶፕ» ላይ። ልጁ «ሬግ አድ» በሚለው ትእዛዝ አራት መስመር ጻፈ። የመጀመሪያው ስክሪን ሴቨሩን ያበራል፤ ቁጥሩ 1 ነው። ሁለተኛው ከስክሪን ሴቨሩ ሲመለሱ ፓስዎርድ እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ እሱም 1። ሦስተኛው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚጀምር ይናገራል፤ 300 ጻፈ። አራተኛው የትኛው ስክሪን ሴቨር እንደሚሠራ ነው፤ ጥቁሩን፣ ምንም የማያሳየውን መረጠ። ፋይሉን «ባት» በሚል መጨረሻ ሴቭ አደረገና፣ እንዲህ ሲሆን ሲከፈት ትእዛዞቹን በተራ ይፈጽማል፣ ፍላሹን ከማሽን ማሽን እያዞረ ሁለት ሁለት ጊዜ ክሊክ አደረገ። ለዘጠኙም ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። የባለቤቴ «ሁለቴ ክሊክ» እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ከክሊኩ በፊት ያለውን ግን አላየም።

ስክሪን ሴቨር ስክሪን ያድናል የተባለው በድሮዎቹ ሆዳም ሞኒተሮች ዘመን ነው አለኝ፤ አንድ ምስል ብዙ ከቆየባቸው ጠባሳው ይቀራል። «ያንቺ ጠፍጣፋዎች ናቸው፤ ላንቺ ስክሪን ሴቨር ማለት ቁልፍ ነው።» መብራት እንደማይቆጥብም ነገረኝ፤ ጥቁር ቢሆንም ስክሪኑ በርቶ ነው። ስለዚህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሞኒተሩ ራሱ እንዲጠፋ አምስተኛ መስመር ጨመረ። ይቺን መስመር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ጥፋቱ። ልጁ ፋይሉን ያስነሳው በአድሚኒስትሬተር፣ ማለትም ሁሉን መቀየር በሚችለው አካውንት ነበር፤ የአድሚን ፓስዎርድ ሲጠይቀው የእኔን አስገባ። የስክሪን ሴቨሩ መስመሮች ደግሞ የሚቀይሩት ያስነሳቸውን ሰው አካውንት ብቻ ነው። ስለዚህ የተስተካከለው ማንም የማይገባበት የእኔ አካውንት ሆነ፤ ልጆቹ የሚሠሩበት እንደነበረ ቀረ። እሱ ሄዷል፣ ብሩ ተከፍሏል፣ በ10 ሰዓት ስመለስ የእህትየው ሰርግ ከሰው መታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ስክሪኑ ላይ ይዞራል። ደወልኩ። ከመናገሬ በፊት ገባው። «አቦ በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። በማግስቱ መጥቶ በየልጆቹ አካውንት እየገባ አስነሳው፤ ሳንቲም አልጠየቀም። ዊንዶውስ ሴቲንጉን የሚያነበው ሰው ወደ አካውንቱ ሲገባ ስለሆነ ሁሉንም ሎግ ኦፍ አስደርጎ መልሶ አስገባቸው። ፋይሉንም ስታርት አፕ ፎልደር ውስጥ፣ ሰው ሲገባ በራሳቸው የሚነሱ ፋይሎች በሚቀመጡበት፣ አኖረው፤ ማንም ቢነካካው በገባ ቁጥር ወደ ቦታው ይመለሳል። ለእኔ 1,200ው የተመለሰው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም ረስቶ ነበር። የልጆቹ አካውንት ፓስዎርድ አልነበረውም። ፓስዎርድ ከሌለ ቁልፉ በአንድ እንተር ይከፈታል፤ በር ዘግቶ ቁልፉን በሩ ላይ እንደመተው ነው። ለሁሉም ፓስዎርድ አወጣን። በሦስተኛው ቀን አንዷ ፓስዎርዷን በወረቀት ጽፋ ሞኒተሩ ግርጌ በፕላስተር ለጥፋው አገኘኋት። ለዚህ የሚሆን የትእዛዝ ፋይል የለም።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ልጆቹ አምስት ደቂቃ አነሰን፣ አንድ ገጽ እያረምን ይዘጋብናል አሉ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩ። ከታች ስለ ሞኒተሩ 10 የሚል አየሁ፤ አስር ደቂቃ መሆኑን አውቃለሁ። እንግዲህ ለአስራ አምስት ደቂቃ 15 ነዋ ብዬ 300ውን በ15 ቀየርኩት። ለካ የሞኒተሩ መስመር በደቂቃ ነው፤ የስክሪን ሴቨሩ ግን በሰከንድ። በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ተቀወጠ። የደንበኛውን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ አንገቷን ቀና ያደረገች ሁሉ ስትመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፓስዎርድ ይላታል። ጽፋ ትገባለች፣ አንድ መስመር ታነባለች፣ ድርግም። ልጁ ጋ ስደውል ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ሰፈር ሰማው። «900 በይው» አለኝ። አልኩት፤ ወጥተን ገባን፤ ሰላም ሆነ።

ዋጋው ተወደደ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ብሩን የሰጠሁት ለክሊኩ አይደለም። አሥረኛ ኮምፒውተር ብገዛ ፍላሹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ማንንም አልጠራም። ቅር ያለኝ አንድ ነገር፣ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ አንድ አንድ ቃል ሊጽፍልኝ ይችል ነበር። «ሰከንድ» የምትል አንዲት ቃል ያን ጠዋት ታድነኝ ነበር። አሁን እኔው ጽፌያታለሁ።

ሱቁን ፈልጋችሁ ብታገኙት ጠዋት ሂዱ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ስልክ አያነሳም። እኔም አላነሳም።