ሦስት ጓደኛ፣ ሦስት አገር፦ የትኛውን ትኬት ልግዛ?

ሻንጣዬን ያስመዘንኩት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር፣ እህል ነጋዴ ቤት ነው። 31 ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ የመንዝ ባና። ከሥር ደግሞ እናቴ በፌስታል ጠቅልላ የሸጎጠችው ቅቤ። ባለሚዛኑ አየት አደረገኝና «ልትሄድ ነው ልትነግድ?» አለኝ።

ልሄድ ነበር። ፍራንክፈርት፣ ጄኔቭና ሮም ያሉ ሦስት አብሮ አደጎቼ ጋ ሁለት ወር ልከርም። ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ትኬቱን እንዴት ገዛኸው?

ከትኬቱ በፊት ቪዛው ይቅደም። ሸንገን የሚባለው፣ በአንድ ቪዛ የሚዞሩት የአውሮፓ ቀጠና፣ 29 አገሮችን ይዟል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም እዚያው ውስጥ ናት፤ ስለዚህ ሦስቱንም ከተሞች በአንድ ቪዛ ትዞራላችሁ። ጣሪያው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ክፍያው 90 ዩሮ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። እኔ ጀርመንን ያስረዘምኩት ጓደኛዬ ከተማው ያለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ወጪዬን እንደሚሸፍን ስለፈረመልኝ ነው። ወረቀቱ የተሟላለት ጓደኛ ጋ ብዙ ቀን መያዝ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ኅብረቱ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ መልስ መጠበቂያውም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። አንዴ ከወጣችሁ አትመለሱም ማለት ነው። አራተኛው ጓደኛዬ ለንደን ነው፤ ለንደን ደግሞ ሸንገን ውስጥ የለችም፣ የራሷን ቪዛ ትፈልጋለች። መሃል ላይ እሱ ጋ ብቅ ብዬ ሮም ልመለስ ብል በሩ ተዘግቶ ይጠብቀኛል። ለንደን ካለች መጨረሻ ላይ ትሁን።

እንግዲህ ትኬት። አንደኛው የለመድነው ደርሶ መልስ ነው፤ ፍራንክፈርት ገብቶ ከፍራንክፈርት መመለስ። ቀላል ነው፣ ጓደኞቻችሁ ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝና ብራስልስ ቢሆኑ ሌላ አልመክርም። መጨረሻችሁ ሮም ከሆነ ግን ትኬቱን ፍለጋ ብቻ የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ወደ ሰሜን መመለስ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ይበላል፣ ገንዘቡም አይቀርም።

ሁለተኛው በአንዱ ከተማ ገብቶ ከሌላው መመለስ ነው። ትኬት ቢሮ «መልቲ ሲቲ» ይሉታል። እኔ የገዛሁት ይሄንን ነው፣ ዛሬም ብሄድ እሱን ነው። ከቦሌ ፍራንክፈርት፣ ከሮም ቦሌ። ሁለቱም በአንድ ትኬት ላይ ናቸው፤ በረራው ቢሰረዝ ሌላ የሚፈልግላችሁ አየር መንገዱ ነው። ዋጋውን ከደርሶ መልሱ ጋር አስጠይቁ፤ ልዩነቱ ከባቡሩና ከባከነው ቀን ካነሰ አትከራከሩ። አንድ ጥንቃቄ፦ የመጀመሪያውን በረራ ከቀራችሁበት የቀረው ሊሰረዝ ይችላል።

ሦስተኛው ቁርጥራጭ ትኬት ነው፤ እያንዳንዱን ከተማ ለየብቻ፣ ከርካሽ አየር መንገዶች። ስልክ ላይ ሲያዩት ያጓጓል። እኔም ከጄኔቭ ሮም አንዱን ሞክሬዋለሁ። ትኬቱ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም ነበር። በነፃ የሚፈቀደው ግን ወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ነች። ከቦሌ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ተፈቅዶልኝ የመጣሁ ሰው በሩ ላይ ስደርስ ሻንጣዬ ከእኔ በላይ ተከፈለበት። ለብቻ በተገዙ ትኬቶች ደግሞ አንዱ በረራ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የራሳችሁ ነው። ጀርባው ላይ አንዲት ቦርሳ ብቻ ለሚይዝ ወጣት ይሆናል። በርበሬ ለተሸከመ አይሆንም።

መሬት ላይ ስትሆኑ ሰው ሁሉ የባቡር ፓስ ግዙ ይላችኋል። ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው ዩሬይል የሚባለው ነው። ትንሹ በአንድ ወር ውስጥ 4 የጉዞ ቀን ይሰጣል። ግን ቁጠሩት፦ ጓደኛ የሚጠይቅ ሰው በየቤቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ነው የሚቀመጠው። የእኔ የጉዞ ቀን ሁለት ብቻ ነበር። ፓሱ ኖሯችሁም ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ ለፈጣን ባቡር የወንበር ማስያዣ ትጨምራላችሁ። ከተማ በየቀኑ ለሚቀያይር አገር ጎብኚ እንጂ ለእኛ አይነቱ አያዋጣም። ነጠላ ትኬት ቀደም ብሎ መቁረጥ ይበልጣል። አውቶቡስ ከሁሉም ይረክሳል፤ ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ ማደር ካላስቸገራችሁ።

ያው፣ ገንዘብ የምትከፍሉት ቪዛው እጃችሁ ሲገባ ነው፤ ለማመልከቻው የተያዘ በረራ ማሳየት ይበቃል። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች ሌሊት ስለሆኑ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትሩን በእርጋታ መጨረስ ይቻላል።

31 ኪሎው ለሁለት ሻንጣ ተከፈለ። ቅቤው ግን እዚያው ጠባሴ ቀረ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋም ወተትም፣ ከእነሱ የተሠራም ነገር እንዲይዝ አይፈቅድም፤ ቋንጣም አይብም እዚያው ውስጥ ናቸው። ባለሚዛኑ ጋ አደራ ብዬ ተውኩት። እናቴ በማግስቱ ሄዳ አመጣችውና ፍራንክፈርት ድረስ ደውላ ተቆጣችኝ፦ «ለሮሙ ልጅ ነበር እኮ!»