ማይነስ 11 የነበረ ዓይን፣ ከሌንሱ በኋላ

ማይነሳችሁ (ሩቅ ለማየት የሚያስፈልጋችሁ የመነጽር ቁጥር) ከፍ ያለ ሆኖ “ሌንስ ዓይኔ ውስጥ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?” እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው የምጽፈው። እኔ ማይነስ 11 ነበርኩ። ያስገባሁት አይ ሲ ኤል የሚባለውን፣ የተፈጥሮ ሌንሳችን ሳይወጣ ተጨማሪ ሆኖ ዓይን ውስጥ የሚቀመጠውን ሌንስ ነው። ወራት አልፈውኛል፤ አሁን የማየውን በልኩ መናገር እችላለሁ።

ቀን ላይ ግሩም ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ሰማዩ ጠራ ሲል የየረር ሸንተረር እስከ ጫፉ ይታየኛል። በመነጽርም ይታየኝ ነበር፣ ግን እንዲህ አልነበረም። ወፍራም የማይነስ መነጽር ነገሮችን ያሳንሳል፣ ዳር ዳሩን ያጣምማል። አሁን የሰው ፊት ተለቅ ብሎ ነው የሚታየኝ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወርድም የእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው።

ሌዘር ለምን አላደረግሽም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሌዘር ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ፍቆ ነው የሚያስተካክለው፤ ማይነሱ ሲበዛ የሚፋቀውም ይበዛል። ይሄኛው ሌንስ ግን ተጣጥፎ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይገባና ከአይሪስ (ከዓይናችን ባለቀለም ክፍል) ጀርባ፣ ከተፈጥሮ ሌንሳችን ፊት ይቀመጣል። ካልተስማማ ማውጣት ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር። የዓይኑ የፊት ክፍል ጠባብ ለሆነ ሰው ግን አይሆንም፤ አስቀድሞ ይለካል።

ማታው ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ፊደል ስታነቡ ይሄ አይታወቃችሁም። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲመሽ ስመለስ ጋቢና ከተቀመጥኩ፣ ገልባጭ መኪና ረጅም መብራቱን ሲለቅብን በእያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። በስኒ አፍ የተሰመረ ክብ ይመስላል። የዓይን ፈሳሽ እንዲያልፍ ሌንሱ መሀል ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፤ ብርሃን የቀዳዳውን ጠርዝ ሲነካ ይበተናል። ጨለማ ላይ ደግሞ ብሌናችን ሰፍቶ የሌንሱ ዳር ድረስ ብርሃን ያስገባል። መጀመሪያ አካባቢ ቀለበቱ ደማቅ ስለነበር በጣም አስጨንቆኝ ነበር። አሁን ሳስቷል፣ ካልፈለግኩት ልብ አልለውም። ጨርሶ ጠፋ ግን አልልም። ማታ የምትነዱ ከሆነ፣ ብሌናችሁ ጨለማ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳታስለኩ አትወስኑ።

ያጣሁትም አለ። ድሮ መነጽሬን አውልቄ አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ የልጄን ጣት ስንጥር እነቅል ነበር። ማይነስ 11 ዓይን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ነዋ! አሁን ያን ያህል ሲጠጋ ይደበዝዝብኛል፤ ጣቷን ራቅ አድርጌ፣ መብራት ፈልጌ ነው የምነቅለው። ዕድሜ ወደ 40ዎቹ ሲገባ የሚመጣውን የማንበቢያ መነጽርም ሌንሱ አያስቀረውም።

ክትትሉን አደራ። የዓይን ግፊት፣ በገባው ሌንስና በተፈጥሮ ሌንሳችን መካከል ያለው ክፍተትና የኮርኒያ ሴሎች በየጊዜው መታየት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ሬቲናውን፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ አትርሱ። መነጽሩ ቢቀርም ዓይናችን አሁንም ከፊት ወደ ኋላ ረጅም ነው፤ ሬቲናው እንደተወጠረ ነው። ድንገት ብልጭታ፣ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካያችሁ፣ ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።