ለመልካ ቁንጡሬው አስጎብኛችን ምስጋና፣ ለጎረቤቶቼም ጥቆማ

እኛ የፉሪና የዓለም ገና ነዋሪዎች እንግዳ ሲመጣብን መሐል ከተማ ይዘን መሄድ ለምደናል። ነገር ግን የቡታጅራውን መንገድ ይዞ ለሚወጣ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎችና ቅሪቶች የተገኙበት መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። በቅርቡ የሰፈራችንን ወጣቶች ይዘን በሄድንበት ጊዜ ቦታውን ያስጎበኙንን የአካባቢውን ተወላጅ በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሙዚየሙ አነስተኛ በመሆኑ ያለ አስረጂ የገባ ሰው ፈጥኖ ጨርሶ ይወጣል። እሳቸው ግን አስቀድመው ወደ ወንዙ ዳርቻ ወሰዱንና ወንዙ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እየተፈራረቀ እንዴት እንደተነባበረ፣ የመሣሪያዎቹም ዕድሜ የሚታወቀው በዚሁ አመድ መሆኑን በእርጋታ አስረዱን። ከዚያም አንድ የባልጩት ስባሪ አንስተው፣ የጥንት ሰው ሲጠርበው ምቱ ካረፈበት ጫፍ አጠገብ ያለውን እብጠትና ጠጠር እንደተጣለበት ውኃ የተዘረጉትን ቀለበቶች በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩን። ከልጆቹ አንዱ ሌላ ስባሪ ወደ ኪሱ ሊከት ሲል፣ «ልጄ፣ ከነበረበት ከተነሳ ምን እንደነበር የሚነግረን የለም፤ መልሰው» አሉት፤ እሳቸውም በእጃቸው የያዙትን ያነሱበት ቦታ ላይ መልሰው አኖሩት።

ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለጥናት ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን የመራው ቁፋሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ተጀመረ። ጋርባ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆነውና ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት ሰው ዝርያ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አመልክቷል። አስጎብኛችን አጥብቀው የነገሩን፣ ይህ ሁሉ የሆነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚደርስ ደጋ ላይ መሆኑን ነው፤ የጥንት ሰው ሲነሳ ቆላውን ብቻ ለምናስብ ለእኛ ይህ አዲስ ነበር። ወጣቶቹን ግን ከሁሉ በላይ የማረካቸው እዚያው ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ የተገኘው የ700,000 ዓመት የእግር አሻራ ነው፤ ከአሻራዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች አሉበትና። መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጊዜ ያለው ሰው እግረ መንገዱን ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ይሳለማል። ትውፊቱ ሥራዋን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። መንገዱን ቀጥሎ የሚነዳ ደግሞ 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙበትን ጢያን ያገኛል።

አስጎብኛችንን የምትፈልጉ ሙዚየሙ በር ላይ ጠይቁ፤ ከወንዝ ዳር የሚጀምሩት ሰውዬ ካላችሁ ይጠሩላችኋል። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እሳቸው በይሉኝታ ዝም ሊሉ ስለሚችሉ ጉዳዩን እናንተው አንሱት። በክረምት የወንዙ ዳርቻ ጭቃ ስለሚሆን ቦቲ ጫማ ያዙ።