ጣት መክተት ወይስ ሃይላንዱን ይዞ መሮጥ?

ልጅ በሃይላንድ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውሃ መስሎት ሲጎነጭ ግቢው በሙሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ጣት ክተቱለት፣ ያስመልሰው» ይላል፣ ሌላዋ ወተት ይዛ ትሮጣለች። ሲያስመልስ የተገላገለ ይመስላል እንጂ ጋዙ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ትልቁ ጉዳት እዚያ ነው። በረኪና ከሆነ ደግሞ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ ይደግመዋል። እኔ ሃይላንዱን ይዞ መሮጡን ነው የምመርጠው፦ አፉን መጥረግ፣ የረጠበ ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን ማጠብ፣ ከዚያ ሃይላንዱን እንደያዙ ወደ ጤና ተቋም መብረር። ሐኪሙ «ምን ጠጣ? ምን ያህል? መቼ?» ማለቱ አይቀርም። እናቴ በረኪናውን አሁንም በሃይላንድ ነው የምታስቀምጠው፣ ለምልክት ክዳኑ ላይ ክር አስራ። ለሁለት ዓመት ልጅ ክር ምን ይነግረዋል?