ደረሰኝ የሌለው የዓሣ ማጥመጃ «ፈቃድ»፦ ከጎንደር ጎርጎራ ደርሶ መልስ

አማቼ ከሐዋሳ ነው የመጣው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ስለሆነ የፋሲልን ግንብ እንኳ ሳያይ «ጣና ከዚህ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አለኝ። የማጥመጃ ዘንጉን በሸራ ጠቅልሎ ይዞታል። እኔ ደግሞ ዓሣ የማውቀው በጉላሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ወሰድኩት። መኪና፣ ጀልባ፣ ምሳና «የማጥመጃ ፈቃድ» አንድ ላይ እናዘጋጃለን አሉን። ስማቸውን አልጠራም።

መኪናዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ቆማለች። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በጯሂት አድርገን ጣና ዳር እስካለችው ጎርጎራ ድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን መንገድ በጭቃ ተጓዝን። ሹፌሩ ጨዋ ነው፣ አይቸኩልም፣ ሙዚቃም አያስጮህም።

የተበላሸው ፈቃዱ ላይ ነው። ለአንድ ሰው 600 ብር ተቀብለውናል። አማቼ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው፤ «የታለ?» ሲል «እዚያ ስትደርሱ ይሰጣችኋል» ተባለ። ደረስን፣ የሚሰጥ ሰው የለም። ስንደውል ደግሞ «ኧረ አታስቡ፣ ማንም አይጠይቃችሁም» አሉን። የማይጠየቅ ከሆነ ብሩን ለምን ተቀበላችሁ? ደረሰኝስ? እስከዛሬ የለም። ለሚቀጥለው ሰው የምመክረው ይሄን ነው፦ የዓሣ ነገር ሕግ ያለው ነገር ነው፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ጉዳዩ የሚመለከተው የግብርናና የእንስሳት ሀብት ቢሮዎችን እንጂ አስጎብኚን አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ወረዳው ድረስ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ የባሰው ግን ወቅቱን አለመናገራቸው ነው። ነሐሴ ላይ መጥተን «መገጭ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ እንወስዳችኋለን፣ ዓሣው እዚያ ይጎርፋል» ብለው ነው የሸጡልን። ይጎርፋል፣ እውነት ነው። ለምን እንደሚጎርፍ የነገረን ግን ጀልባ ነጂው ነው። ሃያ አምስት ዓመት እንኳ የሚሞላው አይመስለኝም። አማቼ ወዴት እንደሚፈልግ ሲነግረው «ጋሼ፣ እዚያስ አልወስድዎትም» አለ፣ በትህትና ግን ፈርጠም ብሎ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ብዙ ዝርያ ያለው የጣና ዓሣ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞቹ ነው የሚወጣው፤ ወደ መገጭ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያወጣው የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው። ይሄ የልጁ ወግ ብቻ አይደለም፣ አጥኚዎችም የጣና ነጭ ዓሣ በ1980ዎቹ ውስጥ ክፉኛ እንደቀነሰ ጽፈዋል። ወንዝ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው የሚበትኑ አሉ፤ ትንሽ ትልቁ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ልጁ ይሄን ሲያወራ ፊቱ ተለዋወጠ።

አማቼ እንደሚናደድ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ዘንጉን አጠፈና «እሺ ወንድሜ፣ አንተ ያልከው ቦታ» አለ። ደንገሉን ተጠግተን አምባዛ ልንጠብቅ ቆምን። ጣና ሲያዩት ባሕር ቢመስልም በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይማ ዘንጉ ራሱ መሬት ይነካል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚበላው አልጌና ጥቃቅን የውኃ ዕፅ ስለሆነ በብልጭልጭ ብረት አይታለልም። ከነጭ ዓሣው ውስጥ ግን ሌላ ዓሣ የሚያድኑ ዝርያዎች አሉ፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው! አማቼ ይሄን ሲሰማ የሐዋሳ ኩራቱ ትንሽ ተነካ መሰለኝ፣ ዝም አለ። አንድ ነጭ ዓሣ በድንገት ያዘና ሆዷ ሙሉ መሆኑን ሲያይ መንጠቆውን አውልቆ መልሶ ለቀቃት። ከዚያ ሁለት አምባዛ። እምቦጩ አንድ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ አስቁሞናል።

ሕይወት አድን ጃኬት ለሦስት ሰው አንድ ነበር፣ እሱም ዚፑ ተበጥሷል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀላል አይደለም፤ ይሄ ቀልድ የለውም። ልጁ 5 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዳር መለሰን። ምሳ የተባለው ቀዝቃዛ ፓስታ ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ፓስታ!

ለቢሮው ከ5 ሁለት፣ እሱም ስለ መኪናዋ። ለጀልባ ነጂው አምስት። ስልኩን በግል ተቀብለናል፣ አማቼ ጥር ላይ በቀጥታ ሊደውልለት ነው።

አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። አዘዞ ስንደርስ ባልዲው ውስጥ አሁንም ይገላበጣል፣ ሹፌሩ በመስታወት እያየ ይስቃል። ቤት ስንገባ እናቴ ገና ከበር ላይ «ቅርፊት የለውም፣ እኔ ቤት አይገባም» አለች። ሁለቱንም ሹፌሩ ይዞ ሄደ።