ብሔራዊ ጀርባ ያለችው የህንዶች ምግብ ቤት፣ ለጾመኞች

በፍልሰታ እማዬን ይዤ ብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ የህንድ ቤት ሄድኩ። ስጋ፣ አሳ፣ እንቁላል የማይገባበት ቤት ነው ሲሉኝ ለጾም ይመቻል ብዬ ነው። አስተናጋጁም "ሁሉም ጾም ነው" አለን፣ ዳሉ (የምስር ወጣቸው) ሲመጣ ግን እማዬ ገና ሳትቀምሰው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቅቤ ይሸታል" አለች፣ እውነትም ጊ የሚሉት የተነጠረ ቅቤያቸው ነበር። በጣም ነው የከፋኝ፣ ጾመኛን በግምት አይመልሱም።

የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ከኪችን ወጡ፣ ከህንድ ጉጅራት የመጡ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ አማርኛ ይችላሉ፣ ይቅርታ ጠይቀው በዘይት አዲስ አሰሩልን ሂሳብም አልጨመሩም። ከዛ ቁጭ ብለው አስረዱን። ሂንዱ ሁሉ ስጋ አይተውም፣ የሚተወው ግን ዋናው ምክንያቱ አሂምሳ ነው፣ ነፍስ ያለውን አለመጉዳት፣ ላሟ ስትታለብ አትሞትምና ወተትና ቅቤ ችግር የለውም። በወር ሁለቴ ደግሞ ኤካዳሺ የሚባል ጾም አላቸው፣ በጨረቃ አቆጣጠር 11ኛው ቀን ላይ፣ ያን ቀን እህልና ጥራጥሬ አይነኩም ወተት ግን ይጠጣሉ። እማዬ ይሄን ስትሰማ "ምስር ያስገድፋል?" ብላ ሁለቴ ነው ያስደገመቻቸው።

ምግቡ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የለውም፣ አጥባቂዎቹ አእምሮ ይረብሻል ብለው ይተዉታል፣ ግን ከሙኑና ዝንጅብሉ ስላለ ምንም አልጎደለብኝም። ደበርጃኑ በተለይ!! ሩዙ ትንሽ ደርቋል።

አጠገባችን ሲበላ የነበረ የስሪላንካ ሰውዬ ቡዲስት ነኝ ብሎ ወሬው ውስጥ ገባ። የእኛ ሰው በፍልሰታ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይበላ ይቆያል አይደል፣ የእነሱ መነኮሳት ደግሞ ጠዋት በልተው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ምግብ አይቀምሱም። ኦንላይን አንዱ ሲወድቅ "ካርማ ነው" የምንለውን አነሳሁበት፣ ካርማ ማለት ሥራ ማለት ነው አለኝ፣ ቡድሃ ደግሞ ሀሳቡን ነው ከሁሉ ያስቀደመው፣ አስበህ ያደረግከው ፍሬው በዚህም በሚቀጥለውም ህይወት ሊመጣ ይችላል። ሴትዮዋ ነፍስ (አትማን የሚሉት) ልብስ እንደሚቀየር አካል እየቀየረች ትሄዳለች ሲሉ እሱ የማትለወጥ ነፍስ የለችም ይላል። ታዲያ የሚወለደው ማነው ስለው አንዱን መብራት በሌላው መብራት ስትለኩስ የተሻገረው ምንድነው አለኝ፣ እኔ ወዲያው ቤተክርስቲያን ጧፍ ስንቀባበል ታየኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የሁለቱም መጨረሻ ግን ከመወለድና ከመሞት ዙር መውጣት ነው፣ ሂንዱው ሞክሻ ይለዋል ቡዲስቱ ኒርቫና። እማዬ በደንብ አዳምጣ ስታበቃ "እኔ ትንሳኤ ሙታንን ነው የማምነው፣ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ አድርገህ ነገርከኝ" አለችው።

ለሁለት ሰው ከሻይ ጋር 1,400 ብር ከፈልን፣ ለጥራቱ አይበዛም። ለጾም የምትሄዱ "ጾም ነው ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ያለ ጊ፣ ያለ ፓኒር (አይባቸው)፣ ያለ እርጎ ብላችሁ እዘዙ፣ ቻፓቲውንም (ቂጣቸውን) ጊ ስለሚቀቡት ደረቁን እዘዙ። ሻዩም በወተት ነው የሚፈላው፣ ጥቁሩን ጠይቁ። ሊፍት የለም፣ እናቶችን ቀስ አድርጋችሁ አውጧቸው፣ የእኔዋ እሮብ እንመለስ ብላኛለች።